ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ያለፈውን ታሪክ ምን ያህል ልድገም?

ጦሳ ስር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነው ያለሁት። ተከታታይ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፣ ሦስት መጽሐፍ እንዲሆን ነው ያሰብኩት። አንደኛው ወጥቶ ሰዉ እጅ ገብቷል። አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ፣ እና ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ተይዣለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። አንደኛው መጽሐፍ የሚያልቀው በ1909 ዓ.ም. ነው። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የጦይባ አባት የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ወታደር ነው፣ ከወንድ ልጁ ከእንድሪስ ጋር ወደ ሰገሌ ጦርነት ይዘምታል። የሚመለሰው ግን እንድሪስ ብቻ ነው፣ የአባቱን ውጅግራ ጠመንጃ ይዞ። ለቤተሰቡ «አባባ ሲዋጋ ወደቀ» ይላቸዋል። እውነቱን አንባቢው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያየዋል፦ እንድሪስ አባቱን ቆስሎ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ጥሎት ነው የሸሸው። ጠመንጃውንም ከእጁ ላይ ነው የወሰደው። ጦይባ ይሄን አታውቅም።

ሁለተኛው የሚጀምረው ኅዳር 1928 ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ገብተዋል፣ ከተማው በጦር ተሞልቷል፣ የጣሊያን አውሮፕላን ሊመጣ ነው። ጦይባ አሁን 31 ዓመቷ ነው። የ14 ዓመት ልጅ አላት፣ እሱ ደግሞ «የአያቴን ጠመንጃ ይዤ ካልዘመትኩ» ብሎ ቤቱን እያመሰው ነው።

የቸገረኝ ይሄ ነው። ምዕራፍ አንድ ግማሹ ያለፈውን ታሪክ የሚያስታውስ ነው። አንደኛውን ያነበበች ጓደኛዬ «ይሄን እኮ አውቀዋለሁ» እያለች ገጽ ትዘላለች። እሱን ሁሉ አውጥቼ ምንም ላላነበበ ዘመዴ ስሰጠው ደግሞ «እንድሪስ ማን ነው? ሰገሌ ምን ሆነ? ጠመንጃው ለምን እንዲህ ያጣላቸዋል?» ይለኛል። ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው ያንሳል። የእንድሪስን ምስጢርስ ገና ከመጀመሪያው ልንገር ወይስ ልደብቅ? ብነግር አንደኛውን ገና ለሚያነበው ሰው አበላሽበታለሁ። ብደብቅ ደግሞ ያነበበው ሰው «ምን ታስመስያለሽ፣ አውቀው የለ እንዴ» ይለኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የማታ ጸሐፊ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ተከታታይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይደርሳል። እኔ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ነው የምጽፈው፣ እና እንደኔ መጀመሪያ ማየት ያለብሽ አንባቢሽ በሁለቱ መጽሐፎች መሀል ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ልቦለድ ጋዜጣና መጽሔት ላይ በየሳምንቱ ሲወጣ «ካለፈው የቀጠለ» ተብሎ ሁለት መስመር ካለችበት ይበቃል፣ ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ነው የሰነበተው። ቴሌግራም ላይ ጭራሽ አያስፈልግም፣ የረሳ ሰው ወደ ላይ ሄዶ ያነበዋል። መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። አንደኛውን ያነበበው ሰው ራሱ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው ሁለተኛውን የሚያገኘው።

ስለዚህ ያነበበና ያላነበበ ብለሽ ለሁለት ብቻ አትክፈያቸው። አንብቦ የረሳም አለ፣ እና እኔ ስጽፍ የማስበው እሱን ነው።

እሱ ምን ይረሳል? ስም ይረሳል። ማን የማን አጎት እንደሆነ ይረሳል። ያናደደውን እና ያስለቀሰውን ግን አይረሳም። ስምና ዝምድናውን ሳትሰስቺ ስጪው፣ ስሜቱን ግን አታስታውሺው፣ እሱ ጋ አለ። «እንድሪስ» ከምትይ «ወንድሟ እንድሪስ» በይ። አንድ ቃል ናት። የሚያውቀውን ሰው አትጎረብጠውም፣ የረሳውን ታድነዋለች።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

እንደምን ዋላችሁ። ልጄ፣ እኔ የምመክርሽ ቀላል ነገር ነው። መጽሐፉ ሲከፈት «ያለፈው ክፍል ባጭሩ» የሚል አንድ ገጽ አድርጊበት። የሚፈልግ ያነበዋል፣ የማይፈልግ ያልፈዋል። ምዕራፍ አንድም ከሸክሙ ይገላገላል። ብዙ ተማሪዎቼ ተከታታይ ታሪክ ሲጽፉ ያለፈውን በሰዎቹ አፍ ለማስታወስ ይሞክራሉ፣ እና የሚወጣው ንግግር «እንደምታውቂው አባታችን የንጉሥ ሚካኤል ወታደር ነበር» የሚል ይሆናል። እህትና ወንድም እንደዚህ ተባብለው አያውቁም። የሚያውቁትን ነገር ለምን ይነጋገሩታል? ለአንባቢው ሲሉ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ማመን ይከብዳል።

የሐረጎ ተሳፋሪ፦

መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ አንባቢ ነኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስኩ ነው የምሠራው፣ ብዙውን የማነበው ታክሲ ውስጥ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ። መጽሐፍ የምገዛው መንገድ ላይ ከሚያነጥፉት ነው። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነሱ ጋ ሁለተኛው ቅጽ ተገኝቶ አንደኛው የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንደኛው አልቋል፣ ወይ አንዱ ተውሶ ወስዶ ቀርቷል። እንደኔ ዓይነቱ አንባቢ ታሪኩን ከመሀል ነው የሚጀምረው፣ ወዶ ሳይሆን ያገኘው እሱን ስለሆነ።

ታዲያ መጽሐፉን ስከፍት መጀመሪያው ገጽ ላይ «እንድሪስ አባቱን ጥሎ ሸሸ» ብሎ ቢጠብቀኝ አንደኛውን ለምን እፈልገዋለሁ? አለቀ እኮ። ሁለተኛው ጥሩ ሆኖ «ከዚህ በፊት ምን ነበር?» ካሰኘኝ ግን ፒያሳን ዞሬም ቢሆን አንደኛውን እፈልገዋለሁ።

ደግሞ ሁሉን ካላወቅኩ ብዬ አልጨነቅም። አንባቢ ትንሽ ግራ ቢገባው አይሞትም። የሚያስጨንቀኝ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አለማወቅ ነው። ለምን እንደተጣሉ ቆይቶ ቢነገረኝ እንደውም ደስ ይለኛል።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

ጥሩ ነጥብ ነው ያነሳህ ወንድሜ። እንግዲያው ገጹ ይቅርና የሰዎቹ ዝርዝር ይሁን። ስም፣ ዝምድና፣ ዕድሜ፣ በቃ። «እንድሪስ፣ የጦይባ ታላቅ ወንድም፣ ሰገሌ ዘምቶ የተመለሰ።» ይህ ውሸት አይደለም፣ ምስጢርም አያወጣም። በተለይ ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ፣ የወሎ ቤተሰብ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፣ አንዱ ወገን ሙስሊም አንዱ ወገን ክርስቲያን፣ አማቱ ብዙ፣ ክርስትና አባቱ ብዙ፣ ዝርዝር የግድ ያስፈልጋል።

ሰኞ ገበያ፦

ዝርዝሩ ይሁን፣ ግን ዋናው ነገር እሱ አይመስለኝም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ጦሳ ስር፣ አንቺ የምትጠይቂው «ምን ያህል» ብለሽ ነው። እኔ «ምን ያህል» ላይ መልስ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው «የትኛውን» እና «መቼ» ነው። ያለፈው መጽሐፍ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ከሆነው ደግሞ ተርፎ የቀረ ነገር አለ። ጦርነቱ ሆኗል፣ አልፏል። የቀረው ምንድን ነው? ግድግዳ ላይ ያለ ጠመንጃ። ጠመንጃውን መንካት የማይወድ ሰው። አባቷ የት እንደተቀበረ የማታውቅ ሴት። አያቱን ጀግና ነው ብሎ ያደገ ልጅ። ሁለተኛው መጽሐፍ የሚፈልገው እነዚህን ነው። የሆነውን ትተሽ የቀረውን ከጻፍሽ ያላነበበው ሰው አይጠፋበትም፣ ምክንያቱም የቀረው ነገር አሁን ዓይኑ ፊት ነው ያለው። ያነበበውም አይሰለቸውም፣ ምክንያቱም የቀረውን ከዚህ በፊት አላየውም፣ እሱ የሚያውቀው የሆነውን ነው።

ቡና ላይ እንዴት እንደምናደርግ አስቢው። አቦል ላይ ያልነበረ ጎረቤት ቶና ላይ ቢመጣ ማንም ወሬውን ከመጀመሪያው አይደግምለትም። «የእንትናን ልጅ ነገር ነው የምናወራው፣ ተጣልታ መጥታ» ይባላል፣ ወሬው ይቀጥላል። ሌላውን እየሰማ ይደርስበታል፣ ያልገባውን ራሱ ይጠይቃል።

ምስጢሩን በተመለከተ ደግሞ አንቺ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ጦይባ አታውቅም ብለሻል። እንግዲያው ምዕራፍ አንድን በጦይባ ዓይን ጻፊው። እሷ የማታውቀውን አንቺ ብትደብቂው ማስመሰል አይሆንም። ያነበበው ሰው እያወቀ ነው የሚያነበው፣ እንድሪስ ጠመንጃው አጠገብ በተቀመጠ ቁጥር ሆዱ ይንቦጫቦጫል። ያላነበበው ደግሞ «ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር አለበት» ብሎ ይጠረጥራል፣ ከጦይባ ጋር እኩል ይደርስበታል። አንድ ገጽ ነው፣ ግን ለሁለቱም ይሠራል። ማስመሰል የሚሆነው በእንድሪስ ዓይን እየጻፍሽ፣ እሱ ውስጥ ገብተሽ፣ እሱ ሌት ተቀን የሚያስበውን ነገር ስትዘይው ነው። እሱን አታድርጊ። እውነቱ እስኪወጣ ድረስ የእንድሪስን ሐሳብ ከውስጥ አትጻፊው።

እስቲ ምዕራፍ አንድ ላይ ከሚያስታውሰው ክፍል አንድ አንቀጽ አምጪ፣ አብረን እንየው።

ጦሳ ስር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ «የቀረውን» ያልሽው ነገር ብዙ ከፈተልኝ። ይኸው አንቀጹ፦

«ጦይባ አባቷን በሰገሌ ጦርነት ያጣችው በ12 ዓመቷ ነበር። አባቷ የንጉሥ ሚካኤል ወታደር ነበር። ወንድሟ እንድሪስ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ብቻውን ወደ ደሴ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።»

ሰኞ ገበያ፦

ጥሩ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ያስፈልጋል፣ ግን ማንም ምንም እያደረገ አይደለም። አሁን አንድ ሰው አሁኑኑ ከዚያ ጠመንጃ የሚፈልገው ነገር ይኑር። ልጁ አለልሽ አይደል?

«ልጁ በርጩማ ላይ ቆሞ ውጅግራውን ከግድግዳው አወረደው። አቧራው ፊቱ ላይ ተራገፈ።
‹ያዝልኝማ አጎቴ› አለና ወደ እንድሪስ ዘረጋው።
እንድሪስ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ‹ለእናትህ ስጣት።›
‹ከሰገሌ ያመጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?›
‹ለእናትህ ስጣት አልኩህ።›
ጦይባ ተነስታ ተቀበለችው። የአባቷ እጅ ያለሰለሰው ሰደፍ ላይ አውራ ጣቷን አሳለፈች፣ ከዚያ መልሳ ሰቀለችው።»

እዚህ ውስጥ አጎት መሆኑ አለ፣ ሰገሌ አለ፣ ጠመንጃውን ያመጣው እሱ መሆኑ አለ፣ የአባቷ መሆኑም አለ። የጎደለው «በ12 ዓመቷ» የምትለዋ ናት፣ እሷ ደግሞ ሌላ ቦታ ትገባለች፣ አሁን አታስቸኩልም። በራስሽ አነጋገር አድርጊው፣ የኔ ማሳያ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ልጅ ጠያቂ መሆኑ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ደጋግመሽ ከተጠቀምሽበት ልጁ ታሪክ መጠየቂያ ብቻ ይሆናል። ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ መልስ አይስጡት። የተከለከለ መልስ ከተሰጠው መልስ በላይ ያስታውሳል።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

ይህ በጣም ግሩም ነው። እኔ ደግሞ የታሪኩን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የአንቺ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ያለፈ ታሪክ ነው የተሸከመው። አንዱ የመጽሐፉ ነው፣ ሌላው የአገሩ ነው። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ እያየ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ማን እንደሆኑ አይነገረውም። ጅማ ያለው አንባቢሽ ግን ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም ጥቅምት 17 ቀን 1909 ብለሽ የጦርነቱን ሐተታ አትጻፊለት። እሱ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የወሎ ጦር እንደተሸነፈ፣ ከዘመተው ደግሞ ብዙው እንዳልተመለሰ።

ከዚያ በላይ ያለውን 1928 ራሱ ይነግርልሻል። አስቢው እስቲ። ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል የተዋጉት ከሥልጣን ለወረዱት ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ነው። በወዲያኛው ወገን አልጋ ወራሽ የሆኑት ራስ ተፈሪ ናቸው። 19 ዓመት አልፎ ኅዳር 1928 ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ደሴ የገቡት እሳቸው ናቸው። እንድሪስ አሁን ዝመት የሚባለው ያኔ ጠላቱ ከነበረው ወገን ጋር ሆኖ ነው። ጠላቱ ደግሞ አሁን ጣሊያን ነው፣ ስለዚህ እምቢ ማለትም ይከብደዋል። ይህን ማስታወስ አያስፈልግሽም፣ የሰውየው የዛሬ ጭንቀት ነው። ልጅ ኢያሱም በእስር እያሉ ያረፉት በዚያው በኅዳር 1928 ነው። ወሬው ገበያ ላይ ቢሾከሾክ፣ አንዱ ሽማግሌ ሰምቶ ዝም ቢል፣ ጦይባ ፊቱን አይታ ብትጠይቀው፣ ያለፈው መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ወሬ ተመልሶ ይገባል። የዕለቱ ዜና ሆኖ ስለሚመጣ ማንም ገጽ አይዘልም።

ኅዳር 26 ቀን ቦምቡ ሲወርድ ደግሞ፣ የቀይ መስቀል ድንኳን ሳይቀር ሲመታ፣ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ስለ ሰገሌ አንድም መስመር አታስገቢ። ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ እየሮጠ ትዝታ አያወጣም። ትዝታ የሚመጣው ማታ፣ ጭሱ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ አንባቢው ራሱ ይፈልገዋል።

የማታ ጸሐፊ፦

መምህር ያሉት የመጨረሻው ነገር ወርቅ ነው። እኔ ስለ ሙከራው ልናገር። ለጓደኛሽና ለዘመድሽ እንደገና ስትሰጫቸው «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፣ «ጥሩ ነው» ብለው ይገላገሉሻል። ላነበበችው ሰማያዊ እስክሪብቶ ስጪያት፣ «አውቀዋለሁ» ያለችበትን ቦታ ብቻ ታስምር። ላላነበበው ቀይ ስጪው፣ «ጠፋብኝ» ያለበትን ያስምር። ሰማያዊ ብቻ ያለበትን አሳጥሪው፣ እንደ ጦይባ ዕድሜ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ አንድ ሐረግ አውርጂው። ቀይ ብቻ ያለበት ላይ አንድ ቃል ወይ አንድ ሐረግ ጨምሪ፣ አንቀጽ አይደለም። ሁለቱም ያሰመሩበት ቦታ ካለ ግን ያለፈው ታሪክ በዛ አነሰ ማለት አይደለም። ትዕይንቱ ራሱ አይሠራም ማለት ነው፣ እሱን እንደ አዲስ ጻፊው።

ደግሞ ደብተር ያዢ። ማን መቼ ተወለደ፣ ጠባሳው የትኛው እጁ ላይ ነው፣ ማን ለማን ምን ቃል ገባ፣ ማን ምን ያውቃል። በተለይ የመጨረሻውን። ጦይባ በዚህ ምዕራፍ ላይ ስለ እንድሪስ ምን ታውቃለች፣ ልጇስ ምን ያውቃል፣ ይሄን በየምዕራፉ ካልጻፍሽው ሳታስቢው የማያውቁትን ነገር ይናገሩብሻል፣ አንባቢ ደግሞ ይይዝሻል።

ጦሳ ስር፦

ኧረ ተባረኩ ሁላችሁም። ምዕራፍ አንድን በጦይባ ዓይን መልሼ ልጽፈው ነው፣ የልጅ ኢያሱንም ወሬ ምዕራፍ ሁለት ላይ አስገባዋለሁ፣ ደሴ ያለው ሰኞ ገበያ ላይ ነው የማደርገው። የእንድሪስ እውነት መሀል አካባቢ ለጦይባ ይገለጥላታል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ እዚያ ስትሰማው ሙሉውን ልተርከው ወይስ አንደኛው መጽሐፍ ላይ ስላለ ባጭሩ ልለፈው?

የሐረጎ ተሳፋሪ፣ አንተ አንደኛውን ካላነበብከው ቀዩን እስክሪብቶ ትይዝልኛለህ?

የሐረጎ ተሳፋሪ፦

አላነበብኩትም፣ እይዛለሁ። ግን እስክጨርስ አንደኛውን እንዳትልኪልኝ።

ሰኞ ገበያ፦

ሙሉውን ተርኪው፣ ግን እንድሪስ ይንገራት። አንደኛው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው እንደሆነው ነው። አሁን የሚነገረው ደግሞ አንድ ሰው 19 ዓመት ለራሱ ሲያባብለው እንደኖረው ነው። ሁለቱ አንድ መሆን የለባቸውም። ያነበበው ሰው «አይ፣ እንደዚህ አልነበረም፣ ይሄን አሳምሮታል፣ ይሄን ዘሎታል» እያለ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ አይሰለቸውም። ያላነበበው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል። ጦይባም ከአፉ ነው የምትሰማው፣ ስለዚህ አንቺ ማብራራት የለብሽም፣ ፊቷን ብቻ ተከተይ።

ሦስተኛው ላይ ስትደርሺ ደግሞ ወደ አንደኛው አትመለሺ። ከአንደኛው የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ይዞት የመጣውን ያህል ብቻ ነው። ጦይባ ይቅር ብላው ከሆነ ሦስተኛው ከይቅርታው ይጀምር፣ ካላለችው ደግሞ ይቅር ካለማለቷ ይጀምር። ሰገሌ ያኔ በስም ብቻ ቢነሳ ይበቃል።